እንስራ ጆሮ ያወጣችበት ዘመን

ላውጋችሁ? «አውጋን» በሉኛ! ከረዘመባችሁ ታገሡ፣ ካማራችሁ መርቁኝ፤ መሀል ላይ የሚያዛጋ ካለ ግን እሳቱን የሚቆሰቁሰው እሱ ነው።

በድሮ ዘመን፣ አውሬው ከሰው፣ ማሰሮው ከድስት ጋር በሚያወጋበት ዘመን፣ ደጋው አልቆ ቆላው ከሚጀምርበት ገደል አፋፍ ላይ አንዲት መንደር ነበረች። በመንደሯም ትርንጎ የምትባል ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። የትርንጎ እጅ የተባረከ ነው። ጭቃው እሷ ስትነካው ይታዘዛል፤ እሳቱም እሷ ስትቀርበው አመሉን ያሳምራል። ጎንበስ ብላ ጭቃውን እየዞረች፣ በመዳፏ እየሳበች፣ በለስላሳ ጠጠር እየፋቀች ሆዷ የሰፋ፣ ቂጧ ድቡልቡል ያለ እንስራ ታወጣ ነበር። ጎረቤቶቿ «ሸክላ ሠሪ ናት» ብለው ከሩቅ ሰላም ይሏታል፤ ውሃ ሲጠማቸው ግን የእሷን እንስራ አንገት ያቅፋሉ። የሰው ነገር እንዲህ ነው።

ያን ጊዜ እንስራ ጆሮ አልነበራትም። ሴቶች ውሃ ሲቀዱ ገመዱን በሆዷ ዙሪያ ጠምጥመው ነው የሚያዝሏት። ገመዱ ይንሸራተታል፤ እነሱ ይስቡታል። ይንሸራተታል፤ ይስቡታል። አንድ እጃቸው ገመዱን እንደያዘ፣ አንድ እጃቸው እንስራዋን እንደደገፈ ዳገቱን ይወጣሉ። አፍንጫቸው ላይ ዝንብ ቢያርፍ እንኳ እፍ ብለው ነው የሚያባርሩት።

መንደሯ አንድ ደንብ ነበራት። በጋው ከርሮ፣ ትንንሾቹ ምንጮች ደርቀው፣ ከገደሉ ሥር ያለው ትልቁ ምንጭ ብቻ ሲቀር «የውሃ ቀን» ይባላል። ያን ቀን መንደሩ ሁሉ ዋርካው ሥር ይሰበሰባል። ሸክላ ሠሪዋ አዲስ እንስራ ታቀርባለች፤ አንዲት ሴት ከምንጩ ውሃ ቀድታ ዳገቱን ትወጣለች፤ የመንደሩ ሽማግሌ ይጠጣሉ። እንስራዋ ሳትሰበር፣ ውሃውም ሳይፈስና ሳይበላሽ ከደረሰ፣ ቀዩ የሸክላ አፈር ጉድጓድ ለከርሞም የሸክላ ሠሪዋ ይሆናል። ካልደረሰ ግን ጉድጓዱ ለጠየቀ ይሰጣል። ጉድጓዱ ከሄደ ደግሞ ትርንጎ በምን ሸክላ ትሠራለች? ከእናቷ የወረሰችው እሱን ነው፤ ለልጇ ለሽታዬ የምታወርሰውም እሱን ነው። አምና ሽታዬ ስትወጣ ገመዱ ተንሸራትቶ እንስራዋ ለጥቂት ነበር የተረፈችው። ከዚያ ወዲህ ትርንጎ የውሃ ቀን ሲነሳ ልቧ ይደነግጣል።

ጉድጓዱን የሚመኝ ደግሞ አልጠፋም። አያ ኮርማ ነበር፤ አንገቱ የወፈረ፣ ቀንዱ የሾለ፣ ትዕግሥቱ ያጠረ።

«እመት ጦጣ» አላት አንድ ቀን፣ «ቀዩን ጉድጓድ እፈልገዋለሁ።»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«አፈሩ ጨው ጨው ይላል። ጠዋት እልሰዋለሁ፣ ቀን እተኛበታለሁ፣ ማታ ደግሞ እልሰዋለሁ።»

«ትርንጎስ?»

«በውሃ ቀን እንስራዋ ካልደረሰች አለቀላት። አንቺ ዘዴ ፈልጊልኝ እንጂ፣ እኔ በጀርባዬ ተሸክሜ ከሽምብራው ማሳ መሀል አወርድሻለሁ። ኮርማ ላይ የተቀመጠችን ጦጣ የሚያባርር ጠባቂ አልተወለደም።»

ጦጣ ሽምብራ ሲነሳባት ሌላ ነገር አይታያትም። «በቃ፣ ጉድጓዱን እንደላስከው ቁጠረው» አለችው።

መኸሩ ገብቶ አውድማው ሲጠረግ፣ ከባሕር የሚመጡ ነጋዴዎች በመንደሯ በኩል አለፉ። ግመሎቻቸው ጨርቅና ዶቃ፣ ወይን ጠጅ የሞላባቸው ገንቦዎችም ተጭነዋል። ትርንጎ ደጅ አረፉ፤ ከእንስራዋ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጡ፤ ሲሄዱም ወይኗ ያለቀባትን አንዲት ገንቦ ለውለታ ብለው ትተውላት ሄዱ።

የባሕር ማዶዋ ገንቦ መልኳ ሌላ ነው። አንገቷ መለል ያለ፣ ወገቧ ቀጭን፣ የሆዷ ውስጥ ጥቁር፣ እግሯ እንደ ቀንድ ጫፍ የሾለ። በአንድ ትከሻዋ ላይ የሚያምር ጆሮ ተቆልምሞ ወጥቷል። በሌላው ትከሻዋ ላይ ጆሮ የለም፤ ሻካራ ጠባሳ ብቻ አለ። ቀጥ ብላ መቆም ስላልቻለች ትርንጎ ግድግዳው ላይ አስደገፈቻት። የመንደሩ ሴቶችም ወሬውን ሰምተው ግር ብለው መጡ።

«ወይ አንገት!» አለች አንዷ።

«ወይ ወገብ!» አለች ሁለተኛዋ።

«የትርንጎ እንስራ እኮ አጠገቧ ብትቆም ያበጠች እንቁራሪት ትመስላለች!» አለች ሦስተኛዋ። ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ፈነዱ።

ትርንጎም አብራ ሳቀች። ሴቶቹ ሲሄዱ ግን የገዛ እንስራዋን አገላብጣ አየች። ዕድሜዋን ሙሉ በእጇ ሥራ አፍራ አታውቅም፤ ያን ቀን አፈረች።

በቤቱ ጥግ፣ ከሣር በተጠቀለለ ማቶት ላይ፣ የትርንጎ እናት የሠራቻት አሮጊት እንስራ ተቀምጣ ነበር። «ልጄ ትርንጎ» አለች፣ «ይቺ እንግዳ የሠሪዎቿን ዘዴ ታውቃለች። ለምን አትጠይቂያትም?»

«በምን አፍ ልጠይቃት?»

ገንቦዋም መልስ የምትሰጥ ይመስል «ፒሎ ኖ ታላ» አለች። «ፒሎ ኖ ታላ።»

«ይኸው ስሚያት! ይሄ ምን ይባላል?» አለች ትርንጎ።

ከጣራው ክዳን ላይ አንዲት ጭራ ወረደች፤ ጭራዋን ተከትላ ጦጣዋ ወረደች። «እኔን አትጠይቂኝም? የባሕሩን ሰዎች ቋንቋ እንደ ውሃ ነው የምጠጣው። ከግመል ጋር ባሕር ድረስ ወርጄ የለ!»

ወርዳስ አታውቅም። ከሽምብራው ማሳ ወዲያ አልፋ አታውቅም። ውሸት ግን ስንቅ አይፈልግም። ትርንጎም የጨነቃት ናትና አመነቻት፤ አንድ እፍኝ ሽምብራም ሰጠቻት።

«ፒሎ ኖ ታላ» አለች ገንቦዋ።

ጦጣዋ ሽምብራዋን እየቆረጠመች ተረጎመች። «‹ተደላድሎ የሚቀመጥ ቂጥ የሰነፍ ነው፤ የጨዋ ገንቦ እግሯ ይሾላል› ነው የምትለው።»

ትርንጎ ጭቃዋን ለወሰች፤ አሮጌ ገል ፈጭታ ቀላቀለችበት፤ እግሯ የሾለ እንስራ ሠራች። ደርቃላት እሳት ውስጥ ስትከታት እሳቱ ግራ ገባው። «ትርንጎ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«አዲስ ሞድ... አዲስ ወግ ነው፤ ዝም ብለህ አብስል።»

«እኔማ የሰጡኝን አበስላለሁ» አለ እሳቱ።

ሽታዬ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጩ ወረደች። ሽታዬ የእናቷ ልጅ ናት፤ ጉልበቷም ምላሷም ብርቱ። ውሃውን ሞላች፤ የእንስራዋን አፍ በቅጠል ወተፈች፤ ወጣች፤ ወጣች፤ ዳገቱ መሀል ካለው ማረፊያ ድንጋይ ዘንድ ደረሰች። ትንፋሽ ልትወስድ እንስራዋን አወረደቻት። እንስራዋ በሹል እግሯ አንዴ ተሽከረከረች፣ ወደ ግራ ዘመም አለች፣ «ያዢኝ ሽታዬ፣ ያዢኝ!» እያለች ገደሉን ተንከባለለች። ከታች «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሽታዬ ባዶ ገመዷን ይዛ ገባች። «እማ፣ ያቺ እንስራሽ መቀመጥ ያልተማረች ጋጠወጥ ናት!»

ትርንጎ ጦጣዋን ጠራቻት። ሌላ እፍኝ ሽምብራ ተቀበለች።

«ፒሎ ኖ ታላ» አለች ገንቦዋ፤ ድምፅዋ ትንሽ ደከም ብሏል።

«አሃ!» አለች ጦጣዋ። «‹ምስጢሩ ያለው እግሬ ላይ አይደለም፤ ጆሮዬ ላይ ነው። ሁለት ጆሮ የአህያ ነው። የጨዋ ጆሮ አንድ ነው› ትላለች።»

ትርንጎ የእንስራዋን ቂጥ ወደ ድሮው መለሰች፤ በአንድ ትከሻዋ ላይ ብቻ አንድ ጆሮ ለጠፈች። በሌላው ትከሻዋ ላይስ? እንግዳዋ እንዳላት አድርጋ በድንጋይ ፍቃ ሻካራ ጠባሳ አበጀችላት። እንዲያውም ያ ጠባሳ ጥሩ አልወጣልኝም ብላ ደግማ ፋቀችው።

«ይቺስ?» አለ እሳቱ።

«አብስል ብዬሃለሁ!»

«እኔማ የሰጡኝን አበስላለሁ።»

ሽታዬ ገመዱን በአንዷ ጆሮ አሾልካ አዘለቻት። እንስራዋ በአንድ ወገን ተንጠልጥላ ወደ አንድ ወገን አጋደለች። ሽታዬ ወደ ቀኝ ስትል እንስራዋ ወደ ግራ፣ ሽታዬ ወደ ግራ ስትል እንስራዋ ወደ ቀኝ። ቅጠሉ ተወተፈም አልተወተፈም ውሃው ሁሉ በማጅራቷ ወርዶ እግሯ ጫፍ ደረሰ። ደጃፋቸው ላይ ስትደርስ ያቺው ብቸኛ ጆሮ ተገንጥላ እንስራዋ ዱብ አለች።

«እማ፣» አለች ሽታዬ ከነርጥበቷ ቆማ፣ «የላክሽኝ ውሃ ልቀዳ ነው ወይስ ልታጠብ?»

መንደሩ መሳቅ ጀመረ። ትርንጎ ግን ሲስቁባት ይበልጥ እልህ ተጋባች። ጦጣዋ ሦስተኛዋን እፍኝ ተቀበለች። ገንቦዋም ጉሮሮዋ የደረቀ ይመስል በሹክሹክታ «ፒሎ ኖ ታላ» አለች። አንድ ቃል፣ ሦስት ትርጉም! ይሄን ልብ ያለችው ከጥግ ያለችው አሮጊት እንስራ ብቻ ነበረች።

«‹ምስጢሩ ሆዴ ውስጥ ነው› ትልሻለች» አለች ጦጣዋ። «‹ውስጤ የጠቆረው በሙጫ ስለተቀባሁ ነው፤ እናንተም ቀቡ› ትላለች።»

ትርንጎ የዛፍ ሙጫ ለቅማ፣ በእሳት አቅልጣ የእንስራዋን ውስጥ ቀባች። ሽታዬ ገመዱን እንደ ድሮው በእንስራዋ ሆድ ጠምጥማ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደምንም ዳገቱን ወጣች። ደረሰች! ትርንጎ እልል ልትል አፏን ስትከፍት የመንደሩ ሽማግሌ አባ ዘርጋው በዚያ ሲያልፉ ጥም ያዛቸው።

«እስቲ ልጄ፣ ከዚያች አዲሷ አንድ ጉንጭ» አሉ። ጠጡ። ፊታቸው ተጨማደደ። «ቱፍ! ትርንጎ፣ ይሄ ውሃ ነው ወይስ የግመል እከክ መድኃኒት? ደግሞ ትኩስ ነው!»

«ይቀዘቅዛል አባቴ፣ ይቆይ...»

«አይቀዘቅዝም። ላብ የሌላት እንስራ መቼ አቀዝቅዛ ታውቃለች?» አባ ዘርጋው አፋቸውን ጠረጉ፤ ድምፃቸውም ለስለስ አለ። «ስሚኝ ልጄ። የውሃ ቀን ደርሷል። እናትሽን አውቃታለሁ፣ አንቺንም እወድሻለሁ። እንዲህ ያለውን ካቀረብሽልኝ ግን ደንቡ ያስረኛል። አያ ኮርማ ጉድጓዱን ጠይቋል።»

ትርንጎ ቤቷ ገብታ ጭቃ በነካው እጇ ፊቷን ይዛ አለቀሰች። እንደ ድሮዬ ልሥራ ብትል አምና ገመዱ ሲንሸራተት ያየችው ድንጋጤ መጣባት። እንደ እንግዳዋ ልሥራ ብትል ይኸው ሦስት ጊዜ ተዋረደች። እናቷ ያቆየችላትን ጉድጓድ በገዛ እጇ ለኮርማ መላሻ ልታስረክበው ነው።

«እማ፣ አታልቅሺ» አለች ሽታዬ ዛሬስ ሳትቀልድ። «አንቺ ስታለቅሺ እኔም አልችልም።»

ያን ጊዜ ከግድግዳው በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ። «እባካችሁ፣ ውሃ አላችሁ? ጠምቶኛል።»

እናትና ልጅ ዞር አሉ። ማንም የለም። ገንቦዋ ብቻ ናት።

«አንቺ ነሽ የተናገርሽው?» አለች ትርንጎ።

«እኔ ነኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ‹ፒሎ ኖ ታላ› ስላችሁ ነበር። በእኛ አገር ‹ውሃ ስጡኝ› ማለት ነው። እናንተ ስትወጡ አሮጊቷ እንስራ ቋንቋችሁን ቀስ በቀስ አስተማረችኝ። እስከ ዛሬ ቃሉ አልሞላልኝም ነበር።»

ትርንጎ ራሷን ያዘች። በዚያ አገር እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀርብለት ውሃ ነው፤ ጠላት እንኳ ቢሆን ውሃ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ነው የሚጣላው። ትርንጎ ግን እንግዳዋን ከመኸር እስከ በጋ ግድግዳ አስደግፋ፣ እያየቻት፣ እየለካቻት፣ አንዲት ጠብታ አላቀመሰቻትም።

«አፈር ልብላ!» አለች። «ሽታዬ፣ ቶሎ በይ!»

ሽታዬ ከአሮጊቷ እንስራ ቀድታ እስከ አንገቷ ሞላቻት። ገንቦዋ «እሰይ» አለች፤ ያቺ ቃል ጥሩ አድርጋ ገብታታለች። ከዚያ ትርንጎ ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እንግዳዋን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው አፍ ሳይሆን በራሷ አፍ ጠየቀቻት።

«እህቴ፣ ይሄ ሹል እግርሽ ለምንድን ነው?»

«ለመርከብ ነዋ። መርከቡ ሆድ ውስጥ አሸዋ ይነጠፋል፤ እኛ ገንቦዎች አሸዋው ውስጥ ተተክለን እንቆማለን። ማዕበል ቢመጣ አንወድቅም። እናንተ ምን መርከብ አላችሁ? ያላችሁ ዳገት ነው።»

«ሆድሽስ ለምን በሙጫ ተቀባ?»

«ወይኑ እንዳይሰርግ። ወይን ላብ ካወጣ ያልቃል። ውሃ ግን ላብ ካላወጣ አይቀዘቅዝም። እኔኮ ይቺን የአንቺን እንስራ ላቧ ሲወርድ እያየሁ ስቀናባት ነው የከረምኩት።»

ትርንጎ አፏን በእጇ ያዘች። «ትቀኝባት ነበር? የእኔን እንቁራሪት?»

«ማን ነው እንቁራሪት ያላት? ቂጧ መሬትን ያምናል፣ ላቧ ውሃን ያቀዘቅዛል። ምን ጎደላት?»

«አንድ ጆሮሽስ?» አለች ሽታዬ። «አንድ ጆሮ የጨዋ ነው የተባለው?»

ገንቦዋ ሆዷ ውስጥ ያለው ውሃ እስኪናጥ ሳቀች። «ሁለት ነበሩኝ እኮ! ግመሉ ዳገቱ ላይ ተደናቅፎ ከድንጋይ ጋር አላተመኝና አንዱ መንገድ ላይ ቀረ።»

ሽታዬ መሬት ላይ ተንከባለለች። «እማ! ስብራቷን ነው የቀዳነው! ጠባሳውን ሁለቴ ፍቀሽ!»

ትርንጎም እንባዋ ሳይደርቅ ሳቅ ቀደማት። ሲወጣላት ዐይኗ በገንቦዋ ጆሮ ላይ ቀረ። «ሁለት ከሆኑ» አለች ቀስ ብላ፣ «ገመዱ በሁለቱ ይገባል።»

«ይገባል» አለች ገንቦዋ።

«ከገባ አይንሸራተትም።»

«አይንሸራተትም። እኔ ካለኝ ሁሉ ለአንቺ የሚሆንሽ እሱ ብቻ ነው። ውሰጂው፤ ሰጥቼሻለሁ።»

ትርንጎ ተነሳች። አዲስ እንስራ፣ ቂጧን ድቡልቡል፣ ሆዷን ሰፊ፣ ገላዋን ላብ የሚያወጣ አድርጋ እናቷ እንዳስተማረቻት ሠራች። ከዚያ በሁለቱ ትከሻዎቿ ላይ፣ ፊት ለፊት፣ ሁለት ወፋፍራም ጆሮዎች አወጣችላት፤ እንዳይገነጠሉም ሥራቸውን በጭቃ ደጋግማ ጠቀጠቀች። እሳቱ ሲያያት ነበልባሉን ዝቅ አደረገ።

«ይቺን በደንብ ነው የማበስላት» አለ። «ይቺስ ታምራለች።»

የውሃ ቀን ደረሰ። መንደሩ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ሽታዬ አዲሲቱን እንስራ ከምንጩ ሞላች፤ አፏን በቅጠል ወተፈች፤ ገመዱን በሁለቱ ጆሮዎች አሾልካ ደረቷ ላይ አሰረች። ቀጥ ብላ ስትቆም አንድ ነገር ገረማት። ሁለት እጆቿ ባዶ ናቸው። አፍንጫዋ ላይ ዝንብ አረፈ፤ እሽ ብላ በእጇ አባረረችው። ደስ አላትና ሌላ ዝንብ ጠበቀች።

ዳገቱ መሀል ስትደርስ አያ ኮርማ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶ ቆሟል።

«አያ ኮርማ፣ እለፍልኝ።»

«እያመነዠክሁ ነው። የሚያመነዥክ አይቸኩልም።»

ሽታዬ መንገዱን ትታ በጎኑ ባለው ቋጥኝ ወጣች፤ በአንድ እጇ ሥር፣ በሌላው እጇ ቅርንጫፍ እየጨበጠች። በድሮው እንስራ ይሄ አይታሰብም፤ ሥር የሚጨብጥ እጅ ከየት ይመጣል! ይሄን ያየችው ጦጣ ከዛፉ ዘላ እንስራዋ ላይ ጉብ አለችና ውታፉን ቅጠል ልትነቅል እጇን ሰደደች። ሽታዬ እጇን ወደ ኋላ ልካ ጭራዋን ለቀም አደረገችና ወደ ቁጥቋጦው ወረወረቻት። ቁጥቋጦው ሥር የጉንዳን ቤት ነበር፤ እዚያ ላይ ነው ያረፈችው።

ሽታዬ ዋርካው ሥር ደረሰች። አባ ዘርጋው በቅል ተቀድቶላቸው ጠጡ። ሁሉም ትንፋሹን ያዘ።

«እህህ...» አሉ አባ ዘርጋው፤ ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ጥርስ ያማል! ድገሙኝ።»

እልልታው ቀለጠ። አያ ኮርማ ግን እያለከለከ ደረሰና አጓራ። «አይሆንም! ደንቡ የመንደሩ ሸክላ ይላል። ይቺ ጆሮዋ የባዕድ ነው!»

«እውነት ነው!» አለች ጦጣዋ ከኋላው ብቅ ብላ። «ጆሮውን ከእንግዳዋ ሰርቃ ነው። ገንቦዋን አምጧትና እኔ ላስተርጉም!»

ገንቦዋን አምጥተው ከዋርካው ግንድ ጋር አስደገፏት። አባ ዘርጋውም «እንግዳችን ሆይ፣ እውነቱን ንገሪን» አሏት። ገንቦዋ ጦጣዋን አየች፤ ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ከዚያም በአገሯ ቋንቋ «ሚራ ሶል ካቶ ፔ» አለች።

ጦጣዋ ደረቷን ነፋች። «‹ትርንጎ ጆሮዬን ሰርቃኛለች። ጉድጓዱ ለአያ ኮርማ ይሰጥ። ለአስተርጓሚዋም አንድ ቁና ሽምብራ ይጨመር› ትላለች።»

«እኔ እንኳ ያልኩት» አለች ገንቦዋ ጥርት ባለው በመንደሩ ቋንቋ፣ «‹ጦጢት፣ ጭራሽ ላይ ጉንዳን እየወጣ ነው› ነበር።»

ጦጣዋ አፏን እንደከፈተች ቀረች። አፏን ሳትዘጋም ጉንዳኑ ነከሳት። «ዋይ!» ብላ ዘለለች፤ ሁለተኛው ነከሳት፤ «ዋይ! ዋይ!» እያለች የሽምብራውን ማሳ አልፋ፣ ቀደም ብላ አልፋው የማታውቀውን ማሳ አልፋ፣ ቁልቁል ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ነካችው። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ አባ ዘርጋው በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ጭቃው የእኛ ነው፤ ውሃው የእኛ ነው፤ እጁ የትርንጎ ነው። ጆሮውን ከእንግዳ ጠይቃ ተቀበለች፤ የሰጡትን መቀበል ስርቆት አይደለም። ጉድጓዱ የትርንጎ ነው፤ ከእሷም የልጇ ነው።»

ትርንጎ ሽታዬን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ የቆመውን አያ ኮርማን አየችው፤ አሳዘናት።

«አያ ኮርማ፣ ከጉድጓዱ ጠርዝ ያለው ነጭ አፈር ጨው ስለበዛበት ለሸክላ አይሆነኝም። ስቆፍር አውጥቼ እጥለዋለሁ። መጥተህ እንደልብህ ላስ።»

«እ? ከድሮም ትሰጪኝ ነበር?»

«ከድሮም እጥለው ነበር። መቼ ጠየቅኸኝ?»

አያ ኮርማ ጥቂት አሰበ። ማሰብ ስለማያውቅበት ደከመውና ሊልስ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ሁሉ ባለ ጆሮ እንስራ ካልሠራሽልን አሏት፤ ያቺ እንቁራሪት ያለችው ሴትዮ ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ነው የተሰለፈችው። የባሕር ማዶዋ ገንቦም አገሬ ልግባ አላለችም። በሙጫ የተቀባ ሆዷ ለማር ሆነ፤ ትርንጎ ከቤቱ ጥግ ጉድጓድ ቆፍራ እግሯን ተከለችላት፤ ከአሮጊቷ እንስራ ጋር ጎን ለጎን ቆመው መንደሩን ያማሉ።

በተከታዩ መኸር ነጋዴዎቹ ሲመለሱ፣ ውሃው በበረሃ የሚቀዘቅዝላቸው ባለ ጆሮ እንስራ አይተው በዶቃና በጨርቅ እየለወጡ ጭነው ወረዱ። በሌላው መኸር ግመሉ ብቻውን ቀድሞ ደረሰና እየሳቀ ትርንጎ ደጅ ተንበረከከ።

«ምን ያስቅሃል?»

«የባሕሩ ማዶ ሸክላ ሠሪዎች እንስራሽን ወደዷት። እሷን አስመስለው እየሠሩ ነው። ቂጧን ድቡልቡል፣ ሆዷን ሰፊ...»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ያስቃል?»

«እኔ መንገድ ላይ እንስራዋን ወገቧ ላይ ረግጬ በኮቴዬ ሸርፌያት ነበር። እዚያ አገር አሁን የግመል ኮቴ ምልክት የሌለባት እንስራ እንስራ አትባልም!»

ትርንጎ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ከዚያ ዐይኗን ጠርጋ ግመሉ ፊት ውሃ አቀረበችለት። «ስትወርድ ለሸክላ ሠሪዎቹ ንገርልኝ» አለችው። «መጀመሪያ ውሃ ይስጧት። ከዚያ ራሷን ይጠይቋት።»

የእንግዳን ዕውቀት የሚያይ ስብራቱን ይቀዳል፤ የሚጠይቅ ጆሮውን ያገኛል። እኔ ሸክሜን እዚህ አወረድኩ፤ የጠማው ይጠጣ፣ ያልገባው ይጠይቅ።